«ትርፍ» ያሉት መሬት፦ በኦክላንድና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቼ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



«ትርፍ» የምትለዋን ቃል በወጉ ያወቅኳት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነው። አያቴ ከምትኖርበት ቤት ሌላ ጉለሌ ውስጥ አንዲት የጭቃ ቤት ነበረቻት። ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ሸጣ የሠራቻት ቤት ናት፤ ኪራይዋ እኔንና ሁለት እህቶቼን ያስተምር ነበር። ሐምሌ 19 ቀን አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ አንድ ቤት ብቻ እንዲይዝ ተፈቀደለት፤ ከዚያ በላይ ያለው «ትርፍ ቤት» ተባለ። አያቴ ሬዲዮኑን እንደ ሰው አፍጥጣ እያየችው፣ «ከማን የተረፈ?» አለች። የመለሰላት የለም። እውነቱን ለመናገር ተከራይዋ ደስ ብሎት ነበር፤ ኪራዩ ተቀንሶለት ለቀበሌ መክፈል ጀመረ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ደስ ይለኝ ነበር። የአያቴ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ይህችው ቃል ካሊፎርኒያ ድረስ ተከትላኝ መጣች። እዚህ ከተሞች፣ ካውንቲዎችና ሌሎች የአካባቢ መንግሥታት የማይፈልጉትን መሬት በሕግ ቋንቋ «ትርፍ» ብለው ሰይመው ይሸጣሉ። የከተማ መኪና ማቆሚያ የነበረ ግቢ፣ አገልግሎቱ ያበቃ ሕንፃ፣ መንገድ ሲቀየስ የቀረ ቁራጭ፣ ቡድኑ ጥሎት የሄደ ስታዲየም። የያኔው መንግሥት የሰውን ቤት ትርፍ አለ፤ የዛሬው የራሱን መሬት ትርፍ ይላል። «የራሱን» ስል ምላሴን ያዝ ያደርገኛል፤ የከተማ መሬት በግብራችን የተያዘ የሁላችን ገንዘብ ነውና። ደግሞ በቋንቋችን ትርፍ ሁለት ፊት አላት። ከፍላጎት በላይ የሆነውም ትርፍ ነው፤ ነጋዴ ሸጦ ሲጨርስ የሚቆጥረውም ትርፍ ነው። በስብሰባ አዳራሽ ተቀምጬ እንዳየሁት፣ አንደኛዋ ፊት ብዙ ጊዜ የምትወጣው ሁለተኛዋን ለመከለል ነው።

ብዕር ያስነሣኝ አንድ ግቢ ነው። ስሟን በማልጠራት አንዲት የአካባቢያችን ከተማ፣ ከምሠራበት ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ የጥገና መኪኖች የሚያድሩበት ሰፊ ግቢ ነበር። መኪኖቹ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፤ ግቢው ሣር አበቀለ። እኛ ደግሞ በየወሩ በእድራችን ስብሰባ፣ በተከራየነው ምድር ቤት ውስጥ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ «መቼ ነው የራሳችን ቦታ የሚኖረን?» እያልን ስንት ጊዜ እንደተጨቃጨቅን እግዜር ይቁጠረው። አንድ ጠዋት ግቢው በአዲስ አጥር ታጥሮ፣ የሚያብረቀርቅ ሕንፃ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ተተክሎበት አገኘሁት። ስልክ ደወልኩ። ያነሣችው ሴት ትሑት ናት፤ ጉዳዩ ካለቀ ወራት እንዳለፉ፣ ሁሉም በስብሰባ እንደተወሰነ፣ አጀንዳውም እንደ ደንቡ ተለጥፎ እንደነበር ነገረችኝ። ሄጄ አጣራሁ። እውነትም ተለጥፎ ነበር፤ ከረጅም ዝርዝር መጨረሻ ግድም፣ ሰፈሩ በሚያውቀው ስም ሳይሆን በይዞታ ቁጥሩ። የሚወቀስ ከተፈለገ ከእኔ ይጀመር። ያን ቀን ማታ ኳስ እያየሁ ነበር።

ሕጉን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በሉኝ። (የአሜሪካውን ነገር በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የካሊፎርኒያ የትርፍ መሬት ሕግ ከ1968 ጀምሮ አለ፤ ለረጅም ዘመን ግን ጥርስ አልነበረውም። በ2014 ተሻሻለ። በ2019 ወጥቶ ከ2020 መጀመሪያ አንሥቶ የጸናው ማሻሻያ ነው ጥርስ ያበቀለለት። አካሄዱ እንዲህ ነው። የከተማው ምክር ቤት መሬቱን ከመሸጡ በፊት፣ ሕዝብ በሚገባበት ስብሰባ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍሮ «ይህ ለሥራዬ አያስፈልገኝም» ብሎ መወሰን አለበት። ከዚያ ከሌላ ገዢ ጋር ድርድር ሳይጀምር ለአፎርደብል ሃውዚንግ (ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው በአቅሙ የሚሆን ቤት) ሠሪዎች፣ ለመናፈሻ መሥሪያ ቤቶችና ለትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ ማስታወቂያ ይልካል። ፍላጎታቸውን ለማሳወቅ 60 ቀን አላቸው። ፍላጎት ያሳየ ከተገኘ ከተማው ቢያንስ 90 ቀን በቅን ልቦና ይደራደራል። ከቤት ሠሪዎች ቅድሚያ የሚያገኘው ከሚሠራቸው ቤቶች ቢያንስ 25 በመቶውን ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው የሚመድብ ነው፤ ተወዳዳሪ ከበዛ፣ ብዙ ቤት በዝቅተኛ ዋጋ የሚያቀርበው ይቀድማል። ካልተስማሙ ከተማው ለፈለገው መሸጥ ይችላል፤ ያ ገዢ ዐሥርና ከዚያ በላይ ቤት ከሠራበት ግን 15 በመቶው ለዝቅተኛ ገቢ መዋል አለበት። የኪራይ ቤት ከሆነ ግዴታው መሬቱን 55 ዓመት ይከተለዋል።

ሕጉ ከተማውን በርካሽ ሽጥ አይለውም። ለድሃ ስጥም አይለውም። የሚለው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ እነዚህን ጠይቅ። ለእኛ ደግሞ ይህ ባዕድ ወግ አይደለም፤ በድሮው ዘመን ርስቱን ለባዳ ሊሸጥ የተነሣ ሰው በዘመዶቹ በኩል ማለፍ ነበረበት፤ ሳይጠይቅ ከሸጠ ሙግቱ ለልጅ ልጅ ይተርፍ ነበር።

የዚህኛው ሙግት ዋጋ በገንዘብ ነው። ሕጉን ጥሶ የሸጠ ለመጀመሪያ ጊዜ የሽያጩን 30 በመቶ፣ ከደገመ 50 በመቶ ይቀጣል፤ ገንዘቡም ለአፎርደብል ቤቶች ይውላል። ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ያየነው አናሃይም ላይ ነው። ዲዝኒላንድ ያለባት፣ ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ ያለችው ከተማ። ከተማዋ የቤዝቦል ስታዲየሙንና በዙሪያው ያለውን ወደ 150 ኤከር የሚጠጋ መሬት ከቡድኑ ባለቤት ጋር ለተያያዘ ኩባንያ በ320 ሚሊዮን ዶላር ልትሸጥ ተስማማች። በዲሴምበር 2021 የክፍለ ግዛቱ የቤቶች መሥሪያ ቤት «ሕጉን ጥሳችኋል» የሚል ጽሑፍ ላከላት። በኤፕሪል 2022 ከተማዋ ከካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምታ፣ ለአፎርደብል ቤቶች የሚውል 96 ሚሊዮን ዶላር ለማስቀመጥ ቃል ገባች። ሒሳቡን ሥሩት፤ 96 የ320 ሠላሳ በመቶ ነው። አንድ ወር ሳይሞላ ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። የኤፍቢአይ መርማሪ ለፍርድ ቤት ባቀረበው ጽሑፍ ከንቲባው ሃሪ ሲዱ ስለ ሽያጩ የከተማዋን ምስጢር ለገዢው ወገን ያቀብል እንደነበር ተገለጠ። ምክር ቤቱ በሜይ 24 ሽያጩን ሻረ፤ ከንቲባውም ሥልጣኑን ለቀቀ። በ2023 ፍትሕን በማደናቀፍና በሌሎች ክሶች ጥፋተኛነቱን አመነ፤ በ2025 የሁለት ወር እስራት ተፈረደበት። ሁለት ወር። አገር ቤት በግ የሰረቀ ከዚህ በላይ ይታሰራል። ቢሆንም ቁም ነገሩ ከቅጣቱ ማነስ ላይ አይደለም። ከተማዋ ማስታወቂያውን ልካ 60 ቀን ብትጠብቅ፣ ፍላጎት ካሳየም ጋር ብትደራደር ኖሮ የሕግ ጥሰቱ ራሱ አይፈጠርም ነበር።

አናሃይም ሩቅ ነው የምትሉ ወደ ሐይቃችን ወደ ሌክ ሜሪት ኑ። በሐይቁ ደቡብ ጫፍ፣ ኢስት 12ኛ ጎዳና ላይ ያለችውን ቦታ ስንቶቻችን በመኪና አልፈናታል! ሕዝቡ በ2002 በድምፁ ባጸደቀው ቦንድ ሰፊው መንገድ ጠብቦ ሐይቁ ዳር መናፈሻ ሲሠራ፣ ከአንድ ኤከር ትንሽ ያነሰች መሬት ቀረች። መንገዱ ሲጠብ የተረፈች በመሆኗ፣ ትርፍ የሚለው ስም ለእሷስ በእውነት ይገባታል። በ2015 ከተማው ባለ 24 ፎቅ ውድ አፓርትመንት ለሚሠራ ዴቨሎፐር በ5.1 ሚሊዮን ዶላር ሊሸጣት ተዘጋጀ። የሰፈሩ ሰዎች በሜይ ወር የምክር ቤቱን ስብሰባ ገብተው አስቆሙት። ብዙ ሳይቆይ የከተማው የሕግ ክፍል ራሱ «ይህ ሽያጭ ከትርፍ መሬት ሕጉ ጋር ይጋጫል» ብሎ አስቀድሞ በምስጢር እንደመከረ የሚያሳይ ሰነድ አፈትልኮ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ከተማው ወደ ኋላ ተመልሶ መሬቷን በሕጉ መሠረት እንደገና ለማስታወቅ ተገደደ። በሚቀጥለው ዓመት የተመረጠው ሐሳብ ከመቶ በላይ አፎርደብል ቤቶች ነበሩበት።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሕጉ አለ፤ የሕግ አማካሪዎቹ አውቀዋል፤ ምክር ቤቱም ተነግሮታል። ያም ሆኖ ሽያጩ መንገዱን ይዞ ነበር። ያቆመው አዳራሽ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። በነዚያ ሳምንታት ከእኛ መካከል እዚያ የነበረ ይኖራል፤ ካለ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። እኔ ግን ያኔ መኪና ስነዳ ዜናውን የሰማሁት ከተሳፋሪ ነው።

የኦክላንዱ ስታዲየም፣ የኮሊሲየሙ ነገር ደግሞ የተለየ ነው፤ ስለ እሱ ስጽፍ ልቤ ሁለት ይሆናል። መሬቱ የከተማውና የአላሚዳ ካውንቲ የእኩል ነበር። ካውንቲው በ2019 ድርሻውን ለኤይስ የቤዝቦል ቡድን በ85 ሚሊዮን ዶላር ለመሸጥ ተስማማ። ኤይሶች በ2024 ከኦክላንድ ነቅለው ሄዱ። በዚያው ዓመት ከተማው የራሱን ግማሽ ለአንድ የጥቁር አሜሪካውያን ባለሀብቶች ቡድን በመጀመሪያ በ105፣ ቀጥሎ በ125 ሚሊዮን ዶላር ለመሸጥ ተስማማ። ገዢዎቹ የዚሁ ከተማ ልጆች ስለሆኑ ቅር አላለኝም፤ ይቅናቸው። ያስደነገጠኝ ከተማው ገና ያልተቀበለውን የሽያጭ ገንዘብ የዓመቱ በጀት ውስጥ አስገብቶ መቁጠሩ ነው። ክፍያው ዘገየ። በጀቱ ተናጋ፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ አንዳንድ የእሳት አደጋ ጣቢያዎች ለጊዜው እስከመዘጋት ደረሱ።

አገር ቤት ክረምቱ የከፋበት ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ይበላል። አይፈረድበትም፤ ልጆቹ እያለቀሱ ነው። ግን የበላው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ «ትርፍ እህል ነበረኝ» አይልም። የኦክላንድ ጉድለት በየዓመቱ የሚመላለስ ነው፤ መሬቱ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው። ምክር ቤቶቻችን ቸግሯቸው የሚሸጡ ከሆነ ቸግሮናል ይበሉ። ያን ጊዜ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ እንችላለን፤ በረጅም ጊዜ ኪራይ መስጠት አይሻልም ወይ፣ የመሬቱ ገቢ ለልጆቻችን አይቀጥልም ወይ እያልን። «ትርፍ ነው» ሲሉን ግን ጥያቄው ገና ሳይወለድ ይሞታል።

አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ሁሉ ይህን የከተማ ጠባይ በሌላ መልኩ ያውቀዋል። እዚያ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ ስለዚህ የሚሸጠው ዓመቱ ነው። በ1986 ዓ.ም. የተጀመረው የሊዝ ሥርዓት በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ሲጠናከር፣ የመኖሪያ ቦታ 99 ዓመት፣ የአዲስ አበባ የንግድ ቦታ 60 ዓመት ተብሎ ተተመነ። ጨረታውን ለማሸነፍ በካሬ ብዙ መስጠትና ብዙ ቅድሚያ መክፈል ነው። ቤተሰቦቻችን ሲፒኦ አሠርተው፣ ሰነድ ገዝተው፣ ውጤት በተለጠፈበት ግድግዳ ሥር አንገታቸውን ሰብረው የተመለሱበትን ቀን እናስታውሳለን። በሁለቱም አገር ችግሩ አንድ ነው፤ ሻጩም ደንብ አውጪውም ያው አካል ሲሆን፣ ከፍ ያለው ዋጋ ሁልጊዜ ከሕዝብ ጥቅም ጋር አንድ ይመስለዋል። ካሊፎርኒያ ቢያንስ «መጀመሪያ ጠይቅ» የሚል ሕግ በሻጩ ፊት አቁማለች። ከ2024 ወዲህ ደግሞ በአብዛኛው ከ15 ዓመት የሚበልጥ ሊዝንም እንደ ሽያጭ ትቆጥረዋለች፤ «አከራየሁ እንጂ አልሸጥኩም» ማለት እንዳያዋጣ።

አሁን ወደ እኛ። ብዙዎቻችሁ የምትመኙት አዳራሽ ነው፤ ለቅሶ የምንቀመጥበት፣ ልጆች ፊደል የሚቆጥሩበት፣ ሠርግ የምንደግስበት። ቁርጡን ልንገራችሁ፦ ይህ ሕግ ለአዳራሽ ቅድሚያ አይሰጥም። ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለመስጊድም፣ ለባህል ማእከልም አይሰጥም። ቅድሚያው ለመኖሪያ ቤት፣ ለመናፈሻና ለትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ በየእድሩ መዋጮ ሰብስበን «መሬቱን ለእኛ ስጡን» ብንል በሩ ላይ ይመልሱናል።

ግን ሌላ ጉዳይ አለን፣ ያውም ከአዳራሹ የሚቀድም። ለአረጋውያን በተሠሩ ቤቶች ወረፋ ተመዝግበው ዓመታት የሚጠብቁ እናቶቻችን ስንት ናቸው? በልጃቸው ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ የሚያድሩ፣ «አላስቸግርም» እያሉ ቡና እንኳ ተደብቀው የሚያፈሉ? ሕጉ የተሠራው ለእነሱ ነው። በዚህ አካባቢ አፎርደብል ቤት የሚሠሩ፣ ትርፍ መሬት ሲኖር ይነገረን ብለው በክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት የተመዘገቡ፣ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች አሉ። ማስታወቂያው የሚደርሳቸው እነሱ ናቸው። የሚጎድላቸው ምክር ቤቱ ፊት ቆሞ «ይህ ሰፈር ይህን ይፈልጋል» የሚል ሕዝብ ነው። እኛ ደግሞ ሕዝብ አለን፤ ለአንድ ለቅሶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት መቶ ሰው እንሰበስባለን። ሄደን እንነጋገራቸው። እናቶቻችን የሚገቡበት ሕንፃ ሲታቀድ የምድር ቤቱን ወለል ለማኅበረሰብ አዳራሽ እንዲተዉልን እንጠይቅ። ያኔ አዳራሹ ከኋላ በር ይገባል።

አንድ ነገር ከኔ ስሕተት ተማሩ። ሁላችንም አጀንዳ የምናይ ከሆነ የምናየው ዋናውን ዝርዝር ነው። የመሬት ነገር ግን መጀመሪያ ብቅ የሚለው ማንም በማያነበው ቦታ፣ በዝግ ስብሰባው ዝርዝር ውስጥ ነው። የካሊፎርኒያ የስብሰባ ሕግ ምክር ቤቶች ስለ መሬት ዋጋ በዝግ እንዲመክሩ ይፈቅዳል፤ ሆኖም የትኛው መሬት እንደሆነና ከማን ጋር እንደሚደራደሩ አስቀድመው መግለጽ አለባቸው። «ከንብረት ተደራዳሪ ጋር ምክክር» የሚል አንድ መስመር ካያችሁ፣ ከሥሩ ያለውን አድራሻ ወይም የይዞታ ቁጥር ጻፉትና ካርታ ላይ ፈልጉት። ያ መስመር የአያቴ ሬዲዮ ነው። ደግሞ የትርፍ መሬት ሕጉ ቀዳዳም እንዳለው አትርሱ፤ ትናንሽ ቁራጮች፣ ከሌላ መሬት ጋር የሚለዋወጡና ሌሎችም ከማስታወቂያው ግዴታ ነፃ የሚሆኑበት ዝርዝር አለ፤ ዝርዝሩም እየረዘመ ነው። ምክር ቤቱ አንድን መሬት «ነፃ ነው» ሲል ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ምክንያቱን በጽሑፍ ማስፈር ግዴታው ነው፤ ማንበብ የእኛ ፋንታ ነው።

«እንግሊዝኛዬ አይበቃም» የምትሉ ወላጆች አላችሁ። ለመናገር የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ግድም ነው፤ ሁለት ደቂቃ ደግሞ በጽሑፍ የያዘውን ሰው አያስቸግርም። ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ። ካልሆነም ተቀመጡ። ነጠላ ለብሰው በሁለተኛው ረድፍ የተቀመጡ ዐሥር እናቶች ሲያይ ፊቱን የማይለውጥ የምክር ቤት አባል እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስብሰባው በአብዛኛው ማክሰኞ ነው። አጀንዳው ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት ይለጠፋል፤ እኔ ቅዳሜ ጠዋት አነበዋለሁ፤ መሬት ካለበት በእድሩ ቴሌግራም ላይ እለጥፈዋለሁ። ማክሰኞ ከሥራ መልስ በቴሌግራፍ አቬኑ በኩል አልፋለሁ። መኪናዬ ውስጥ ሦስት ትርፍ ቦታ አለ።

አክባሪ ወንድማችሁ
ከኦክላንድ